የግራ ዓይኔ በርበሬ

ነገሩ የገባኝ ሰኞ ገበያ በርበሬ ልገዛ ቆሜ ነው። ፀሐዩ ሲወጋኝ ቀኝ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ዛላውን በግራው አየሁት። ነጥቷል፤ ግድግዳ ላይ ከርሞ ፀሐይ የበላው ካላንደር ይመስላል። «ይሄማ የከረመ ነው» ብዬ ሴትዮዋን ልጣላት ስል ቀኝ ዓይኔን ገለጥኩ። በርበሬው ቀላ።

እማዬ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሸችልኝ። እኔ ደግሞ መነጽር ቤት ሄድኩ። ልጁ ሌንስ ቢቀያይር፣ ቢቀያይር፣ ወይ ፍንክች! በሦስተኛው ቀን መሃሉን ጭስ የመሰለ ነገር ጋረደው፣ ወደ ጎን ሳይ ደግሞ ከዓይኔ ጀርባ ይጠዘጥዘኛል።

የዓይን ሐኪሟ የጠብታ ብልቃጥ ቀይ ክዳን አሳየችኝ። «ይሄ ቀይ በቀኝሽ መቶ ብር ቢያወጣ በግራሽ ስንት ያወጣል?» «ሠላሳ» አልኳት። የዓይን ነርቭ ብግነት ነው አለችኝ። መስታወቱ ደህና ነው፤ ብልሽቱ ገመዱ ላይ ነው። ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ ከ1 ሚሊዮን በላይ ክሮች አሉት፣ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የክሮቹን ሽፋን፣ ማየሊን የሚሉትን፣ ሲያጠቃ መልእክቱ እየተንቀረፈፈ ይደርሳል። ቀስ ብሎ፣ ያለ ሕመም፣ ሁለቱንም ዓይን የሚያደበዝዝ ከሆነ ሌላም ይጠረጠራል፤ ለዚህ ነው የቲቢ መድኃኒት እወስድ እንደሆነ የጠየቀችኝ፣ ኢታምቡቶል ነርቩን ሊጎዳው ይችላል። የአንጎል ምስል የሚያነሳውን ኤምአርአይም አዘዘችልኝ፣ ምክንያቱም ብግነቱ አንዳንዴ የመልቲፕል ስክለሮሲስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ነርቮችን ሽፋን የሚያጠቃበት በሽታ፣ መነሻ ይሆናል።

ቤት የቀረ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን ነበረኝ፣ ብግነት የሚያበርድ ስቴሮይድ ነው፣ ልውጠው ስላት ተቆጣችኝ። እውነቷን ነው። በፈረንጆቹ 1992 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ክኒኑ ብቻውን፣ በተለመደው መጠን፣ ሕመሙ የመመለስ ዕድሉን እንደሚጨምር አሳይቷል። በደም ሥር የሚሰጠው ስቴሮይድ ማገገሙን ያፋጥናል እንጂ የመጨረሻውን እይታ ብዙም አይለውጠውም። አብዛኛው ሰው በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል።

እኔም እየተሻለኝ ሳለ ከደሴ ኮምቦልቻ ለቅሶ ወረድኩ። ሐረጎን አልፈን ሙቀቱ ሲቀበለን ምንም አልነበረም፣ ድንኳን ውስጥ ተፋፍገን ስንቀመጥ ግን ያ ጭስ ከች! አለቀልኝ ብዬ ለራሴም አለቀስኩ (ሰው ለሟቹ መሰለው)። ማታ የደሴ ብርድ ሲነካኝ ጠራ። ኡትሆፍ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እንዲህ ለጊዜው መደብዘዙን በፈረንጆቹ 1890 ጽፎታል፤ ሽፋኑ የተላጠ ነርቭ ሲሞቅ መልእክት ማስተላለፍ ይቸግረዋል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። አዲስ ጉዳት አይደለም።

አሁንም ገበያ ስወጣ አንድ ዓይኔን እየጨፈንኩ በርበሬውን አያለሁ። ያቺ ሴትዮ ባለፈው «ምነው ልጄ፣ እኔን ነው የምትጠቅሺው?» አለችኝ።