ጉማሬው የሚያልፍበት ቦታ

ባለፈው ሳምንት ሐዋሳ ደርሼ መጣሁ። የሄድኩት ለመዝናናት አልነበረም። አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ይዛ ከከተማው ወጣ ብሎ ሐይቁ ዳር ሎጅ ልትሠራ ነው፤ እኔ የሕንፃ ንድፍ ስለምሠራ "ና ቦታውን እየው" አለችኝ። ከአዲስ አበባ ማለዳ 12 ሰዓት ተነስቼ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ አድርጌ ለምሳ ደረስኩ። አሞራ ገደል ወደሚባለው የዓሣ ገበያ ሄደን የተጠበሰ የቆሮሶ ዓሣ በላን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደተለመደው የዓሣ ትርፍራፊ እየጠበቁ ከሰው ጎን ቆመዋል። ከዚያ ቀጥታ ወደ ቦታው።

ቦታው በጣም ያምራል። ላይኛው በኩል ግራርና አንድ ትልቅ ሾላ አለ። ቁልቁል ሲወረድ ሣር፣ ከሣሩ ቀጥሎ ፊላና ቄጠማ፣ ከዚያ ውሃው። አክስቴ ችካል አስመትታ ነበር የጠበቀችኝ። ሬስቶራንቱ ውሃው አፍ ላይ፣ ስድስቱ ክፍሎች ግራና ቀኝ፣ ፊት ለፊት ያለው ፊላ ደግሞ ተመንጥሮ እንግዳው አልጋው ላይ እንደተኛ ሐይቁን እንዲያይ። እኔም እንግዳ ሆኜ ብመጣ የምጠይቀው እንደዚያ ያለ ክፍል ነበር።

ሐሳቤን ያስቀየሩኝ በጀልባ ያወጡን ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ከዳር ትንሽ እንደራቅን መቅዘፊያቸውን አሳርፈው ወደ እኛ ቦታ እየጠቆሙ፣ "ያቺን ሣሩ የተኛባትን መስመር አየሃት ልጄ? ጉማሬው ማታ ማታ የሚወጣባት ናት" አሉኝ። ጉማሬ ቀኑን ውሃ ውስጥ ይውልና ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል፤ የለመደውን መንገድ ደግሞ በቀላሉ አይተውም። መስመሯ በሬስቶራንቱ ችካሎች መሀል ነው የምታልፈው። "እዚያ አጥር ብናጥርስ ጋሼ?" አልኳቸው። "መንገዱን ዘግተህ ከውሃው ከለየኸው ሰው ይገድላል" አሉ።

ቀጥለው ስለ ፊላው ነገሩኝ። ቆሮሶ የሚራባው በዚያ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው። ገና የተፈለፈሉት ትንንሾቹ ከትልልቅ ዓሦች የሚደበቁትም እዚያው በሣሩ ሥር ነው። እይታ ለመክፈት ብለን ያንን ብንመነጥር፣ ምሳ ላይ የበላነውን ዓሣ መራቢያ ልናጠፋ ነው ማለት ነው። ይህን ከሰማሁ በኋላ ንድፉን በድሮው ዓይን ማየት አልቻልኩም።

ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ ግን ሽንት ቤቱ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ በወንዝ የሚወጣ ውሃ የለውም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ ጎርፉ ይገባበታል፣ ከዚያ በኋላ ውሃው በብዛት የሚቀንሰው ፀሐይ ሲያተነው ነው፤ ፀሐይ ደግሞ ውሃውን ብቻ እንጂ ሳሙናውንና ቆሻሻውን ይዛ አትሄድም። ውሃ ዳር የሚቆፈር ተራ ጉድጓድ ጊዜውን ጠብቆ ወደ ሐይቁ መስረጉ አይቀርም። ሐይቁ ራሱም ባለበት አይቆምም፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሞልቶ ዳሩ ያለውን እንዳጥለቀለቀ ከተማው ውስጥ ዛሬም ይወራል። ዛሬ ደረቅ የሆነ መሬት ነገ ውሃ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ለአክስቴ ያቀረብኩላት እንዲህ ነው። ፍሳሹ መጀመሪያ ታቹና ጎኑ በደንብ በተደፈነ ማጠራቀሚያ ይዘቅጣል። ከዚያ ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ተሞልቶበት ፊላ በተተከለበት፣ ወደ መሬት በማያሰርግ ገንዳ ቀስ እያለ ያልፋል። ከዚያ የሚወጣው ለዛፎቹ ማጠጫ ይሆናል። ወጪው አሳሰባት። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪያል ፓርክ እንኳ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ መሠራቱን ነገርኳት። ለፋብሪካ የተቻለ ለስድስት ክፍል አያቅትም።

ግድግዳውን በብሎኬት ልታስይዘው ነበር፤ እኔ ቀርከሃ አልኩ። የሲዳማ ቤት በቀርከሃ ሲሸመን ያየ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል፤ ቀላል ነው፣ ይተነፍሳል፣ ሠሪውም እዚያው አካባቢ አለ። አንድ ነገር ግን አለ። የገጠሩ ቤት ብዙ ዓመት የሚቆየው ውስጡ እሳት ስለሚነድ ነው፤ ጭሱ ነቀዙን ያርቅለታል። ሎጅ ውስጥ ጭስ የለም። ጭስ ከሌለ ቀርከሃውን አስቀድሞ ነቀዝ በሚከላከል፣ ቦራክስ በሚባል ጨው ውሃ ዘፍዝፎ ማድረቅ፣ እግሩንም ከእርጥብ መሬት በድንጋይ መሠረት ከፍ ማድረግ የግድ ነው። ያለዚያ በጥቂት ዓመት ውስጥ ዱቄት ይሆናል፤ ሰውም "ቀርከሃ አይረባም" ብሎ ወደ ብሎኬቱ ይመለሳል። የብዙዎቹ ስህተት እዚህ ጋ ይመስለኛል፤ መልኩን ይወስዱና አያያዙን ይተዉታል።

በመጨረሻም ሬስቶራንቱንና ክፍሎቹን ከውሃው አርቀን ላይ ዛፎቹ ጋ እንሥራቸው አልኳት። "ታዲያ ሐይቅ ለማየት መጥተው ዛፍ ሊያዩ ነው?" አለች አክስቴ። አልመለስኩላትም። በማግስቱ ጠዋት ገና ጀንበር ሳትበረታ ይዣት ወደ ሾላው ወጣሁ። ከታች ሆነን ፊላና ትንሽ ውሃ ነበር የሚታየን፤ ከላይ ግን ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር፣ ማዶ ያሉት ተራሮች፣ የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎች፣ ሁሉም አለ። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ብዙ ቆየች። ወፎቹ ይንጫጫሉ፣ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ይዘላል።

"ምግቡ እዚህ ድረስ በምን ይመጣል?" አለች በመጨረሻ። ወጥ ቤቱም ከላይ ይሆናል አልኳት። ወርደን ችካሎቹን ነቅለን አወጣናቸው። የጉማሬውን መስመር ሰፋ አድርገን በገመድ ለየናት፤ በዚያ በኩል መብራት እንዳይኖርም ተስማማን። የፊላው ነገር ገና አልተቋጨም፤ አንዲት ጠባብ የእንጨት መተላለፊያ ትፈልጋለች፣ እኔ ደግሞ በየት በኩል ብትሆን እንደማትጎዳ ዓሣ አጥማጁን ሳልጠይቅ አልስልም ብያለሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሲዳማ ውስጥ ወዳለችው ሀገረ ሰላም የደጋ ቀርከሃ ለማየት እወጣለሁ።