ወንዙ ሐይቅ የሆነ ዕለት

«ይሄ ወንዝ ደግሞ መች ሐይቅ ሆነ?» አሉ አማካሪያችን፣ ጣታቸውን ታብሌቱ ላይ እንደ ተከሉ።

ወሩ የካቲት፣ ከተማው የሰሜን ጃፓኗ ሳፖሮ ነው። ክፍሉ ውስጥ አምስት ተማሪዎች፣ ፕሮጀክቱን የሚመራው መምህርና ከቴክኒክ ክፍል የሄድነው ሁለት ሰዎች ነበርን። ለርክክብ ስድስት ቀን ቀርቷል። ሥራው አፕ ነው፤ ስልኩን ይዞ መሐል ከተማ የሚንሸራሸር ሰው ከአስፋልቱና ከሕንፃው ሥር ያሉትን የአይኑ (የአካባቢው ነባር ሕዝብ) የቦታ ስሞች እንዲያይና እንዲሰማ ያደርጋል። አሥራ አራት ቦታ፣ ለእያንዳንዱ ከ40 እስከ 90 ሰከንድ ድምፅ። አማካሪያችን ቋንቋውን የሚያስተምሩ የአይኑ እናት ናቸው፤ የተጠሩትም «ለመጨረሻ ማረጋገጫ» ነበር። ዕቅዱ ላይ አንድ ሰዓት ተይዞላቸዋል። የዚያችን የአንድ ሰዓት አበል ለመክፈል ግን አስተዳደሩ ሦስት ቅጽ ላይ የግል ማኅተማቸውን (በጃፓን የፊርማ ምትክ ነው) ፈልጓል። ማኅተማቸውን በትንሽ የጨርቅ ከረጢት ይዘው ስለመጡ፣ ገና ሻይ ሳንቀዳላቸው መጀመሪያ ያሠራናቸው እሱን ነው።

ታብሌቱ ላይ የነበረው የከተማዋ ስም ምንጭ ነው፤ «ሳት ፖሮ ፔት»፣ ደረቅ ትልቅ ወንዝ። ሌላም ፍቺ አለው፤ «ሳሪ ፖሮ ፔት»፣ ሸምበቆ የሞላበት ትልቅ ወንዝ የሚሉ አሉ። ተማሪዎቹ የመጀመሪያውን ያዙ። አፑ ላይ የተጻፈው ግን «ፔት» ሳይሆን «ፔቶ» ነው። በአይኑ ቋንቋ «ቶ» ሐይቅ ነው፤ የቶያ ሐይቅም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው።

ይህን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት ከማንም ይቀላል፤ ካታካና የሚባለው የጃፓን ፊደል ሳድስ የለውም። ከ«ን» በቀር ፊደሉ ሁሉ አናባቢውን አዝሎ ነው የሚሄደው። «ቶ» አለ፣ «ት» ብቻዋን የለችም። አይኑ ደግሞ ቃሉን በሳድስ መዝጋት ይወዳል፤ ፔት ወንዝ ነው፣ ቼፕ ዓሣ ነው። ስለዚህ አይኑን በካታካና የሚጽፉ ሰዎች መላ ዘየዱ፤ ያንኑ ፊደል አሳንሰው ይጽፉታል። ትንሿ «ቶ» ስትነበብ «ት» ናት። እነዚህ ትንንሽ ፊደሎች በጃፓን የኮምፒውተር የፊደል ደረጃ ውስጥ የተካተቱት እ.ኤ.አ. በ2000 ሲሆን ዩኒኮድ (ዓለም አቀፉ የፊደል ኮድ) ደግሞ በ2002 አሥራ ስድስቱን አስገብቷቸዋል። ስለዚህ «ኮምፒውተሩ አይጽፋቸውም» የሚለው ምክንያት ጊዜው ካለፈ ቆይቷል።

ታዲያ እኛ ዘንድ ምን ነካቸው? ሙሉ የጃፓንኛ ፎንት ካንጂውን (ከቻይና የመጡትን ፊደሎች) ሁሉ ስለሚይዝ ብዙ ሜጋባይት ነው። አፑ ቶሎ እንዲከፈት ፎንቱን ማሳጠር ነበረብን፤ የማንጠቀምባቸውን ፊደሎች አውጥቶ መጣል ማለት ነው። ሥራው የደረሰው ተማሪ የትኞቹ ይቅሩ፣ የትኞቹ ይውጡ የሚለውን ራሱ አልወሰነም። ሁሉም የሚያውቀውን የቆየ ዝርዝር፣ ጂስ ኤክስ 0208 የሚባለውንና 6,879 ምልክት ያለውን፣ ወስዶ ለማሳጠሪያው ፕሮግራም ሰጠው። ትንንሾቹ የአይኑ ፊደሎች ከዚያ ዝርዝር ውስጥ የሉም። በራሱ ስልክ ሲከፍተው ሁሉም ነገር ደህና ነው፤ ምክንያቱም የጎደለውን ፊደል ስልኩ ከራሱ ፎንት ተበድሮ ያሳያል። ለኤግዚቢሽን የተመደቡት ታብሌቶች ግን አሮጌ ናቸው፤ የሚበደሩበት የላቸውም። በእያንዳንዱ ትንሽ ፊደል ቦታ ባዶ ሳጥን አወጡ። አማርኛ በድሮ ስልክ ላይ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ያየ ሰው ያውቀዋል።

ልጁ ሳጥኖቹን ያየው ሌሊት ነው። መላ ብሎ ያገኘው ትንንሾቹን በሙሉ በትልልቆቹ መተካት ነበር፤ ያውም በአሥራ አራቱም ፋይል፣ በአንድ ትእዛዝ። ሳጥኑ ጠፋ፣ ወንዙም አብሮ ጠፋ።

ማስተካከያው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ፎንት የሚያጥረው ከተዘጋጀ ዝርዝር ተነስቶ ሳይሆን ከጽሑፉ ነው፤ አፑ ውስጥ ያለውን ቃል ሁሉ አንድ ፋይል ላይ ሰብስቦ፣ ያሉትን ፊደሎች ለቅሞ፣ እነሱን ብቻ ማስቀረት። ሲሞከር ደግሞ መሣሪያው ከሌላ ፎንት እንዳይበደር መዝጋት ነው፤ አለበለዚያ የሚታየው የስልኩ ፎንት እንጂ የእኛ አይደለም። አንድ ወጥመድ ግን ከዚያም በኋላ ቀረ። የ«ፕ» ሳድስ በዩኒኮድ አንድ ኮድ አይደለችም፤ ትንሿ «ፉ» አንድ ኮድ፣ ላይዋ ላይ የምትቀመጠው ክብ ምልክት ሌላ ኮድ ናት። አፑ ቃሉን ፊደል በፊደል እየጻፈ ስለሚያሳይ፣ «ካሙይ ቼፕ» (ሳልሞን ነው፤ «የአምላክ ዓሣ» እንደማለት) ሲጻፍ መጀመሪያ «ፉ» ትመጣለች፣ ከዚያ ክቧ ለብቻዋ አየር ላይ ትንሳፈፍና ቆይታ ትወርዳለች። ቃሉን በኮድ ሳይሆን ዓይን እንደሚያያት ሙሉ ፊደል መቁረጥ ነው መፍትሔው። አማካሪያችን ይቺን ሲያዩ ሳቁ፤ «ተዋት፣ ዓሣው እየዘለለ ነው» አሉ። እኛ ግን አልተውናትም።

እስከዚህ ድረስ ያለው የሚያስቅ ነበር። ቀጥሎ ስምንተኛው ቦታ ተከፈተ።

«ልጄ፣ ሞይዋ ምን ማለት ነው?»

«ትንሽ ተራራ፣ ሴንሴይ» አለች የካርታው ኃላፊ። (ሴንሴይ መምህር እንደማለት ነው።)

«ፒን ያደረጋችሁበት ተራራ ከፍታው ስንት ነው?»

ልጅቷ ኤክሴሉን አየች። «531 ሜትር።»

«ከጎኑ ያለው ማሩያማስ?»

«225።»

አማካሪያችን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ትልቁን ተራራ ለምን ትንሽ አሉት ብሎ የጠየቀ የለም?»

ማንም አልጠየቀም ነበር። መልሱ የሳፖሮን የቦታ ስም ለሚያጠና ሰው አዲስ አይደለም። አይኑዎች ሞይዋ ይሉት የነበረው ዛሬ ማሩያማ የሚባለውን ትንሹን ተራራ ነው። 531 ሜትሩን ኢንካርሽፔ ነው የሚሉት፤ ሁልጊዜ አሻግረው የሚመለከቱበት ማለት ነው። ጃፓኖቹ ከተማዋን ሲቆረቁሩ የትንሹ ስም ለትልቁ ተሰጠ፣ ትንሹም «ክብ ተራራ» የሚል የጃፓንኛ ስም ወጣለት። (የሚገርመው፣ ዛሬም ሰው ኬብል መኪና ተሳፍሮ ትልቁ ተራራ ላይ የሚወጣው ከተማውን አሻግሮ ለማየት ነው። የድሮው ስም ተነጥቆም ሥራውን አልተወም።) ተማሪዎቹ ስለ ትንሹ ተራራ የሚተርከውን ድምፅ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በቆመው ትልቁ ላይ ሰቅለውታል።

ይህ ነገር እስካሁን የሚያንገበግበን በአንድ ምክንያት ነው። ያን ሁሉ ሳምንት የበላን ፒኑ ከአሥር ሜትር በላይ እንዳይስት ማድረግ ነበር። መሐል ከተማ የጂፒኤስ ሞገድ ከሕንፃ ሕንፃ እየነጠረ ሰውየውን 20 እና 30 ሜትር ያዘልለዋል፤ ድምፁ ይጀምራል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ ድምፁ የሚጀምርበትን ርቀት 40 ሜትር፣ የሚቆምበትን 60 አደረግን፤ በመሐል ያለው ሰው የጀመረውን እየሰማ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተው ከባቡር ጣቢያው ወደ መሐል ከተማው ኦዶሪ የሚወስደው የምድር ውስጥ መተላለፊያ ደግሞ ጂፒኤስ ጭራሹን የለውም። ፈቃድ ጠይቀን ስድስት የብሉቱዝ ሞገድ አሰራጪ፣ ቢኮን የሚሉትን፣ ሰቀልን። መጀመሪያ በወገብ ከፍታ ሰቀልናቸው፤ ማታ ሲሞከሩ ጥሩ ሠሩ፣ ጠዋት በሥራ መግቢያ ሰዓት ሞቱ። የሰው አካል ውኃ ነው፤ የብሉቱዝን ሞገድ ይጠጣዋል። ከጭንቅላት በላይ ሰቀልናቸው፣ በሰከንድ አንዴ ይልኩ የነበሩትን በየ300 ሚሊሰከንዱ እንዲልኩ አደረግን፣ አፑም አንድ ንባብ አምኖ እንዳይነሳ የአምስቱን አማካይ እንዲወስድ። በዚህ ላይ ብርዱ አለ፤ ከዜሮ በታች አሥር ዲግሪ ላይ ስልክ 40 ፐርሰንት ቻርጅ እያለው ድርግም ይላል፤ ሙከራው ሁሉ ስልኩን በየመሐሉ ብብት ሥር እያሞቁ ነበር። ይህ ሁሉ ለአሥር ሜትር።

ሦስቱ ኪሎ ሜትር የመጣው ከአንድ የኤክሴል ዓምድ ነው። ልጅቷ አሥራ አራቱን ስም ጽፋ ለካርታው ሰርቨር ላከች፤ ሰርቨሩ አሥራ አራት ነጥብ መለሰላት። ያጠፋው ነገር የለም። ሞይዋ የት ነው ተባለ፣ ዛሬ ሞይዋ የሚባለውን ሰጠ።

ከዚያ ወዲህ ዓምዱ አምስት ሆኗል፤ ስሙ በአይኑ፣ ስሙ የሚለው ነገር ምንድነው፣ ያኔ የሚያመለክተው ቦታ፣ ዛሬ ያ ቦታ ምን ይባላል፣ ማን አረጋገጠው። ከሁሉም የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው። የአይኑ የቦታ ስም አብዛኛውን ጊዜ የመሬቱን መልክ ይናገራል፤ የቶዮሂራ ወንዝ ስም «ቱይ ፒራ» ነው፣ የሚናድ ገደል። ስሙ ገደል ብሎ ፒኑ ሜዳ ላይ ካረፈ፣ ወይ ስሙ ወይ ፒኑ ስቷል። የቦታ ስም አጥኚው ያማዳ ሂዴዞም ስሙን ከመሬቱ ጋር የሚያስተያየው በእግሩ ሄዶ ነበር። የድሮ ካርታ ከዛሬው ጋር ሲያያዝ ደግሞ ማሰሪያ ነጥቡን ወንዝ ላይ ማድረግ ልማድ አለ፤ ወንዝ በካርታ ላይ ጎልቶ ይታያላ። ግን የተራራ ጫፍ ባለበት ይቆያል፤ ወንዝ ይዞራል፣ ከተማ ሲሠራም ይቀናል። ወንዝ ላይ የታሰረ ካርታ በአንዱ በኩል ሲገጥም በሌላው ይጣመማል።

ስለ ሙኩሪው ባጭሩ። በገመድ እየተሳበ አፍ ላይ የሚነዘር የቀርከሃ መሣሪያ ነው። ከተጫዋቿ ጋር የተቀዳው በኦንላይን ስብሰባ ነበር። የስብሰባው ፕሮግራም የሰው ንግግር ያልሆነውን እንደ ጫጫታ ይቆጥራል፤ የሙኩሪን ንዝረት የአየር ማቀዝቀዣ መስሎት እየቆራረጠ በላው። አማካሪያችን ሰምተው «ይቺ ልጅ ታማለች እንዴ?» ብለው ጠየቁ። እንደገና የተቀዳው በአካል ሄደን ነው፤ ማይኩ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ ገመዱ ከሚሳብበት በተቃራኒ ጎን፣ የድምፅ ማጽጃው ሁሉ ተዘግቶ።

እኛ የፈራነው ሌላ ነበር። «ሜም» የሚባሉት የሳፖሮ ምንጮች ከተማው ሲያድግና የከርሰ ምድር ውኃው ሲሳብ ደርቀዋል፤ ድምፃቸውን ከየትም ማምጣት አይቻልም። ተማሪዎቹ የሳኩሹኮቶኒን ጅረት ቀድተው ተኩበት፤ እሱም ቢሆን ደርቆ እ.ኤ.አ. በ2004 ከሌላ ቦታ በተሳበ ውኃ የተመለሰ ነው። ይሄ ማታለል ነው ይላሉ ብለን ማብራሪያ ሁለት ገጽ አዘጋጅተን ነበር። ሰሙት፣ «ውኃ ነው፤ ጥሩ ነው» አሉ፣ አለፉት። ሁለቱን ገጽ ማንም አላነበበውም።

አንድ ሰዓቱ ሦስት ሆነ። ስድስቱ ቀን አሥራ ሁለት ሆነ። የመምህሩ የመጨረሻ ሪፖርት «ከመጀመሪያው አንስቶ ከማኅበረሰቡ ጋር በቅርብ በመመካከር» ይላል፤ ከየትኛው መጀመሪያ እንደሆነ አልተጻፈም።

በቀጣዩ ዓመት ደንብ አወጣን፤ ምክክሩ በመጀመሪያው ወር፣ ከማንኛውም ሥራ በፊት። አዲሶቹ ተማሪዎች በሚያዝያ ባዶ የከተማ ካርታና ደብተር ይዘው አማካሪያችን ቤት ሄዱ። አማካሪያችን ካርታውን ገለበጡት፣ ጀርባውንም አዩ።

«ምንም የለበትም እኮ።»

«ከእርስዎ ለመስማት ነው የመጣነው፣ ሴንሴይ።»

«የአምናዎቹ ቢያንስ ስህተት ይዘው መጥተው ነበር» አሉ። «ምን ላርምላችሁ? እናንተ ሳትሠሩ እኔ ልሥራላችሁ?» ሻይ አጠጥተው፣ አንድ ነገር እስክንሠራ ድረስ ቀጠሮ እንደማይሰጡን ነግረው ሸኙን።

አሁን ደንቡ «በሁለተኛው ወር፣ ረቂቅ ተይዞ» ይላል። በስብሰባው ላይ አንዱ ረቂቁ ውስጥ ሆን ብለን ስህተት እናስገባ ወይ ብሎ ጠይቆ፣ ጥያቄው ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሯል። ሰዓቱ ወደ አራት ከፍ ብሏል። ቅጹ ግን አሁንም ሦስት ማኅተም ነው፤ በሰዓት ሳይሆን በጉብኝት ስለሚቆጠር፣ ሁለቴ ከመጡ ስድስት።