ስፓኒሽ በሴሌና ዘፈን፦ አራተኛ ወር

ሰላም ጓዶች፣ የቋንቋ መማሪያ አፑን ትቼ ስፓኒሽን በዘፈን ልሞክረው ነው ካልኳችሁ ይኸው አራት ወር ሞላኝ። ስራ ቦታ አብረውኝ ከሚሰሩት አብዛኞቹ ሜክሲኳውያን ናቸው፣ አንዷ በእድሜ እናቴ የምትሆን ሴትዮ ናት ሴሌናን ስሚ ያለችኝ።

ዘፋኟ ሴሌና ኪንታኒላ በፈረንጆቹ 1971 ቴክሳስ ነው የተወለደችው፣ ያደገችውም በእንግሊዝኛ ነው፣ እኔ'ኮ አፏን በስፓኒሽ የፈታች ነበር የሚመስለኝ! አባቷ ድሮ ዘፋኝ ስለነበር ልጆቹን ባንድ አደረጋቸው፣ ወንድሟ ቤዝ፣ እህቷ ድራም፣ እሷ ድምፅ፣ ከዛ ቤተሰቡ የከፈተው ሬስቶራንት ሲከስር ኮርፐስ ክሪስቲ የምትባል የቴክሳስ ከተማ ገብተው በየሰርጉ በየድግሱ እየዘፈኑ ኖሩ። ዘፈኑ ተሃኖ ነው፣ የቴክሳስ ሜክሲኮዎች ሙዚቃ፣ ያኔ ደግሞ የወንዶች ሜዳ ነበር። አድማጩ ስፓኒሽ ስለሚፈልግ አባቷ ቃሉን በድምፁ ብቻ አስጠናት፣ ትርጉሙን ቀስ እያለች ነው የደረሰችበት። እኔም ይሄን ከሰማሁ በኋላ ነው መጀመሪያ በጆሮ፣ ትርጉም በኋላ ማድረግ የጀመርኩት፣ በጣም ነው የሰራልኝ።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። ኮሞ ላ ፍሎር የሚለው ዘፈኗ ላይ "ሜ ዱዌሌ" የምትለው አለ። በእንግሊዝኛ ስማረው ግራ ያጋባኝ ነበር፣ በአማርኛ ሳስበው ግን "ያመኛል" ነው በቃ! የሚያመው ነገር ባለቤት ነው፣ እኔ ተቀባይ ነኝ። "ሜ ጉስታ"ም እንደዛው፣ "ደስ ይለኛል"። ስፓኒሽን በእንግሊዝኛ በኩል አትማሩት፣ በቀጥታ ከአማርኛ አምጡት።

ቁጥር ላይ ደግሞ፣ በአንድ የቲቪ ቃለ መጠይቅ 14ን "ካቶርሴ" ማለት ሲገባት "ዲዬሲኳትሮ" ብላለች፣ ልክ እኛ አስራ አራት እንደምንለው አስርና አራትን ገጣጥማ። ሰው ግን ወደዳት እንጂ አልተቀየማትም። እኔ ስሳሳት ዝም የምል ሰው ነበርኩ፣ ያን ካወቅኩ ወዲህ አልፋለሁ።

1994 ግራሚ የሚባለውን የሙዚቃ ሽልማት አሸነፈች። የካቲት 1995 ሂውስተን አስትሮዶም ስታዲየም ከ60 ሺህ በላይ ሰው ፊት ዘፈነች፣ ወይንጠጅ ልብሷን ቪዲዮው ላይ እዩት። ወር ትንሽ አለፍ ብሎ ማርች 31 የፋን ክለቧን ስትመራላት የነበረች ሴት በጥይት ገደለቻት፣ 24 ሊሞላት ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀራት። ስትጓጓለት የነበረው እንግሊዝኛ ዘፈኖቿ ያሉበት አልበም በዛው ክረምት ወጥቶ ቢልቦርድ ላይ፣ የአሜሪካ የአልበሞች ደረጃ ሰንጠረዥ ማለት ነው፣ አንደኛ ገባ። በራሷ አፍ መፍቻ የዘፈነችውን ሰው ሲሰማላት አለማየቷ በጣም ያመኛል።

የዚህ ወር ውጤት፦ ኮሞ ላ ፍሎርን ሳላይ እስከ መጨረሻው እላለሁ። "ፔሮ" ላልቶ "ግን"፣ ጠብቆ "ውሻ" መሆኑም ገብቶኛል፣ ማጥበቅ ማላላት መቼም የኛ ነው። ሴትዮዋ ማክሰኞ እረፍት ሰዓት ላይ አብራኝ ዘፈነች፣ አንዱን ቃል ብቻ አረመችኝ። ቀጥሎ አሞር ፕሮኢቢዶ የሚለው ዘፈኗ ነው።