ካሜራ ካሜራ ነው

ሐዋሳ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ሚዲያ ክፍል ውስጥ አገለግላለሁ። «ሚዲያ ክፍል» ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ጥግ ላይ የተጠቀለለ የገመድ ክምር። አለቀ።

የእሁዱን ፕሮግራም በቀጥታ የምናስተላልፈው በስልክ ነበር። ውጭ አገር ያሉት ወገኖች «መጋቢን በአጉሊ መነጽር ነው የምንፈልጋቸው» እያሉ አስቸገሩ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው የፋይናንስ ኃላፊያችን ጋሼ ናቸው፤ ፒያሳ ሱቅ አላቸው።

እኛ ልጆቹ ፒቲዜድ የሚባለውን ካሜራ ይዘን ቀረብን። ከጠረጴዛ ሆነህ ታዞረዋለህ፣ 20 እጥፍ አቅርቦ ያያል። ምስሉ፣ ትእዛዙና ኤሌክትሪኩ በአንድ የኔትወርክ ገመድ ይሄዳሉ። ኤችዲኤምአይ የሚባለው የምስል ገመድ 15 ሜትር አካባቢ ሲደርስ ማስቸገር ይጀምራል፤ የኔትወርኩ ግን እስከ 100 ሜትር ይጓዛል። አዳራሻችን ደግሞ ረጅም ነው። ጋሼ በጥሞና ሰሙን። ዋጋውን ጠየቁ። ስንነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ እኔ ሱቅ ስምንት ካሜራ አለ። እሱም በኔትወርክ ነው። ስምንቱ ተደምሮ የዚህን ግማሽ አያወጣም። ካሜራ ካሜራ ነው።»

«ጋሼ፣ ያ እኮ የጥበቃ ነው...»

«ታዲያ እኛስ መንጋውን አይደል የምንጠብቀው?»

ሽማግሌዎቹ «አሜን» አሉ። አሜን ከተባለ በኋላ ማን ይከራከራል?

ለሙከራ ሁለቱ ካሜራዎች ከሱቅ ተነቅለው መጡ። ቀኑም የተመረጠ ነበር፦ የጋሼ የልጅ ልጅ መድረክ ላይ ወጥቶ የሚጸለይለት እሁድ። አሜሪካ ያሉት አክስቶቹ ሁሉ ስልካቸው ላይ ተጥደዋል።

የጥበቃ ካሜራ ምስሉን ወደ ላፕቶፕ የሚያደርሰው ዘግይቶ ነው። ሌባ ለመያዝ አንድ ሁለት ሴኮንድ ምን ቁም ነገር አለው? ለስብከት ግን አለው። ድምፁ «ሃሌሉያ» ብሎ ይጨርሳል፣ የመጋቢ አፍ ገና ይከፈታል። ድምፁን አዘግይቼ አገናኘኋቸው። ወደ ሁለተኛው ካሜራ ስቀይር የእሱ መዘግየት ሌላ ሆኖ አረፈው። በዚያ ላይ ከመጋቢ ራስ በላይ በነጭ ፊደል «መጋዘን 2» ይላል።

ይህም ይሁን። ሕፃኑ ነጭ ልብስ ለብሶ መድረክ ላይ ወጣ። ከታቦር ተራራ በኩል ደመናው ጥቁር ብሏል። መብራት እልም!

ጄኔሬተሩ ተነሳ። እሱ ግን የሚችለው ድምፁንና የእኛን ጠረጴዛ ብቻ ነው፤ አምፖሎቹን አይችልም። ካሜራዎቹ ጨለማ ሲያዩ የተፈጠሩበትን ሥራ ጀመሩ። ወደ ሌሊት እይታ ገቡ። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆነ። እናትየው ገርጥታለች፣ ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ይጸልያሉ፣ የሁሉም ዓይን ያበራል። ሕፃኑ በነጭ ተጠቅልሎ ጸጥ ብሏል፤ ተኝቶ ነው እንጂ።

ገና አሁን የገባ ተመልካች አንዱ «ጌታ ያጽናናችሁ» ብሎ ጻፈ። ከዚያማ ማን ያቁመው! ማጽናኛው ጎረፈ። አንዷ የመዝሙር ጥቅስ ለጠፈች፣ አንዱ ለቤተሰቡ መዋጮ በየት በኩል እንደሚላክ ጠየቀ። የጋሼ ስልክ ጮኸ። መዘምራኑ ሳይቀሩ የሰሙት ለቅሶ ነበር፦ «አባዬ! ልጁ ምን ሆነ?»

በሚቀጥለው ስብሰባ ስለ ዋጋ የተናገረ የለም። ፒቲዜድ ለሙከራ ተከራየን። እሱም ቢሆን መልአክ አይደለም። ሰው እንዲከተል አዘን ለቀቅነው፤ መጋቢን ትቶ፣ አርፍደው የገቡ አንዲት እናት ሰዉን እየሳሙ እስኪቀመጡ ድረስ ሸኛቸው። ምስሉን ኤንዲአይ በሚባለው የኔትወርክ መላኪያ ዘዴ በሙሉ ጥራቱ ስንልክ ደግሞ አንዱ ካሜራ ብቻውን ከ100 ሜጋ ቢት በላይ በሴኮንድ ይፈልጋል፤ የኔትወርክ ገመዶቹ የሚገናኙበት የቢሯችን አሮጌ ስዊች ጣሪያው 100 ነው። የታመቀውን ዓይነት ስንመርጥ ቀለል አለ። ፈጣኑ ጊጋቢት ስዊች ግን የሚገዙት ዕቃዎች ዝርዝር ላይ ገባ።

ጋሼ ዝርዝሩን ተቀብለው እስክሪብቶ አወጡ። ሊፈርሙ ሲሉ ቀና አሉ።

«ለመሆኑ ይሄ በጨለማ ያያል?»

«አያይም፣ ጋሼ።»

«ጌታ ይመስገን!» አሉና ፈረሙ።