ያገለገለ ሞዴስ ደሴት ላይ ሲከማች

ደሴቱ ላይ ያገለገለ ሞዴስ የማስወገዱን ሥራ ከማቃጠያ መጀመራችን ትልቁ ስህተታችን ነበር። በርሜል ቆርጠን የሠራነው ምድጃ ሞዴሱን ከውጭ አከሰለው እንጂ መሃሉ እርጥብ ሆኖ ቀረ። ውስጡ ያለው ፈሳሽ መጣጭ ፖሊመር ደሙን ይዞ ጄል ስለሚሆን ቶሎ አይነድም። ፕላስቲኩ መርዛማ ጭስ ሳያወጣ እንዲቃጠል ከ850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የማያቋርጥ ሙቀት ያስፈልጋል፤ የበርሜል እሳት እዚያ አይዘልቅም። መቅበርም አላዋጣም፤ ከአሸዋው ሥር ውሃው ቅርብ ነው፣ ማዕበል ሲመታ ደግሞ የተቀበረው ይወጣል። ሽንት ቤት ከገባማ ጉድጓዱን ቶሎ ይሞላል፣ ሲመጠጥም ቱቦ ይዘጋል።

ስለዚህ ቁጥሩን መቀነስ ያዝን። 50 ሴቶች በወር 15 ሞዴስ ቢጠቀሙ በዓመት 9,000 ይሆናል። 30ዎቹ ወደሚታጠብ ጨርቅ ወይም ወደ ሲሊኮን ካፕ (ብልት ውስጥ ገብቶ የወር አበባ ደም የሚይዝ፣ እየታጠበ የሚደገም ትንሽ ኩባያ) ቢዞሩ 3,600 ይቀራል።

ጨርቁ ላይ ብዙ ተምረናል። ደርበን የሰፋነው ወፍራም ጨርቅ እርጥበት ባለው የባሕር አየር ሳይደርቅ ይሸታል። የተሻለው ሲለበስ የሚታጠፍ፣ ሲሰጣ ተዘርግቶ አንድ ንጣፍ የሚሆን ጥጥ ነው። ደሙን በቀዝቃዛ ውሃ ማስለቀቅ ነው፤ ሙቅ ውሃ ነጠብጣቡን ጨርቁ ላይ ያጣብቀዋል። ንጹሕ የባሕር ውሃ ለመጀመሪያው እጥበት ይሆናል፤ ሳሙና ግን አረፋ አያወጣበትም። የመጨረሻው እጥበት የግድ በዝናብ ውሃ ይሁን። ጨርቁ ላይ የቀረ ጨው እርጥበት ስለሚስብ የደረቀው መልሶ ይረጥባል፣ ጭንንም ይልጣል። ከፍራሽ ሥር ደብቆ ማድረቅ ሻጋታ ያመጣል። የምታፍር ሴት ስስ ነጠላ ጨርቅ ከላይ ጣል አድርጋ ፀሐይ ላይ ትስጣው።

ካፕ ውሃ ለሚያጥርበት ቦታ ከሁሉም ይመረጣል፦ አንዴ ከገባ እስከ 12 ሰዓት ድረስ ሳይወጣ ይቆያል፣ በየወሩ 5 ደቂቃ ይቀቀላል፣ በጥንቃቄ ከተያዘ እስከ 10 ዓመት ያገለግላል። ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ የእርግዝና መከላከያ) ያስገባች ሴት አስቀድማ ጤና ባለሙያ ታማክር። ማንም አትገደድ፤ የተገደደችው ሞዴሱን ደብቃ ባሕር ትጥለዋለች።

ለቀረው ሞዴስ ክዳን ያለው ባልዲ በር በሚዘጋው በእያንዳንዱ ሽንት ቤት ውስጥ አስቀመጥን። ውጭ ያኖርነው ባዶውን ከረመ፤ ሰው እያየ ማን ይጥላል? ሰብሳቢው ወፍራም ጓንት ያደርጋል፣ ከረጢቱን አይጨምቅም። ማጠራቀሚያው ቆሻሻውን ከደሴቱ የሚያወጣው ጀልባ በሁለት ምልልስ መካከል ከሚከማቸው እጥፍ መያዝ አለበት፤ ባሕሩ ሲናወጥ ጀልባው ይቀራል፣ ቆሻሻው ግን አይቆምም።