ድቡ ሩቅ ነው፣ ሩቅ መሆንም አለበት

ዛሬ በኖርዌይ የአርክቲክ ደሴቶች በስቫልባርድ፣ በመርከብ ጉዟችን ቀኑን የገዛው የርቀት ሕግ ነው። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ከዋልታ ድብ ቢያንስ 300 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው፤ ከማርች 1 እስከ ጁን 30 ደግሞ 500 ሜትር። ቅር የሚሰኝ መንገደኛ አለ፤ እኔ ግን ሕጉ ትክክል ነው እላለሁ። የተረበሸ ድብ ለአደን ያጠራቀመውን ጉልበት በከንቱ ይጨርሳል።

በዚህ ርቀት ከካሜራ በፊት የሚያስፈልገው ባይኖክላር ነው። 8 በ42 ይበቃል፤ ስምንት እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ማለት ነው። ከዚያ በላይ የሚያጎላው መርከቡ ሲንቀጠቀጥ ምስሉን ያናውጠዋል። ንጹሕ ነጭ አትፈልጉ፤ ድብ ከበረዶው አጠገብ ቢጫነት አለው።

ሰው በቀላሉ የሚጎዳው ግን ከመርከቡ ወደ ጎማ ጀልባው ሲሻገር ነው። ካሜራው ቦርሳ ውስጥ፣ ሁለቱም እጅ ባዶ። ከነጂው ጋር ክንድ ለክንድ ተያያዙ፤ እርጥብ መዳፍ ያመልጣል። ማዕበሉ ጀልባዋን ከፍ ሲያደርጋት እርገጡ፣ ወዲያው ተቀመጡ። ውኃ የማያስገባው ሱሪ ከቦቲው ውጪ ይውረድ፤ ውስጥ ከገባ የሚረጨው ባሕር ሁሉ እግር ላይ ይጠራቀማል። ከሥር ሱፍ እንጂ ጥጥ አይለበስ።

ዋልረሶች፣ ረጅም ጥርስ ያላቸው ግዙፍ የባሕር እንስሳት፣ ካሉ ነፋሱ ከእነሱ ወደ እኛ በሚነፍስበት በኩል፣ በዝምታ፣ እርስ በርስ ተጠጋግቶ መሄድ ነው። አንገታቸውን ቀና ካደረጉ ቁሙ። መንጋው ደንግጦ ወደ ውኃ ከተንጋጋ ግልገል ይረገጣል።

ጭጋግ ሲወርድ የብስ መውረድ ይሰረዛል፤ ከድብ የሚጠብቁን መሪዎች ድቡን ቀድመው ማየት አይችሉምና። ካሜራውን ወደ ሞቃት ክፍል ከማስገባታችሁ በፊት በላስቲክ አሽጉት፤ አለዚያ ሌንሱ ጤዛ ይይዛል።