ሞታውንን ከ800 ዶላሩ ጀመርኩት

ለማኅበረሰብ ሬዲዮ ስለ ሞታውን፣ ስለ አሜሪካው የሸክላ አሳታሚ ኩባንያ፣ የግማሽ ሰዓት ዝግጅት ሥራ ስባል "ይሄማ ምን አላት!" ብዬ ነበር። ዳያና ሮስ፣ ስቲቪ ዎንደር፣ ማርቪን ጌይ እያልኩ ስም ደረደርኩ፣ በየመሃሉ ዘፈን ሰካሁ፣ አለቀ። ለእህቴ ባሰማት አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ተነስታ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። "ዘፋኞቹንማ እኔም አውቃቸዋለሁ፤ ቤቱን ማን በምን ገንዘብ ከፈተው?"

ስለዚያ አንድ መስመር አልነበረኝም።

ዲትሮይት ሄድኩ። ዌስት ግራንድ ቡልቫርድ፣ ቁጥር 2648፤ ሞታውን ዘፈኖቹን ይቀዳበት የነበረ፣ ዛሬ ሙዚየም የሆነ ተራ መኖሪያ ቤት ነው። ኮርኒሱ ላይ ቀዳዳ አለ። አስጎብኚዋ ከሥሩ አቁማ አስጨበጨበችን፤ ጭብጨባችን ከላይ እየተንከባለለ ተመለሰ። ለዘፈኖቹ ገደል ማሚቶ የሚሰጣቸው ጣሪያው ሥር ያለው ባዶ ቦታ ነበር ለካ!

ከዚያ በኋላ ገንዘቡን ተከተልኩ። የሞታውን መሥራች ቤሪ ጎርዲ እ.ኤ.አ. በጥር 1959 ከቤተሰቡ የቁጠባ ማኅበር 800 ዶላር ወሰደ (ዕቁብ ልለው ቃጥቶኝ ነበር፤ ግን ብድር ነው)። ቀድሞ የመኪና ፋብሪካ ገጣጣሚ ነበርና ያንኑ አሠራር ለዘፈን አመጣው፦ አንዱ ይደርሳል፣ ሌላው ይጫወታል፣ አርብ አርብ ተሰብስበው የቱ ሸክላ ይውጣ ብለው ድምፅ ይሰጣሉ።

መጀመሪያ ስናሰራጨው "በ1960 ተመሠረተ" ብዬ አንድ አድማጭ ደውለው አረሙኝ። በ1959 የተከፈተው ታምላ በሚል ስም ነው፤ ሞታውን ተብሎ በኩባንያነት የተመዘገበው በ1960 ነው። አሁን ዓመት ስጽፍ የምኑ ዓመት እንደሆነ አብሬ እጽፋለሁ።

የቆጨኝ ግን የአጃቢዎቹ ነገር ነው። ፈንክ ብራዘርስ ይባላሉ። ቤዝ ጊታሩን በአንድ ጣት ይጫወት የነበረው ጄምስ ጄመርሰን ያልገባበት የዚያ ዘመን ዘፈን ጥቂት ነው፤ ስማቸው በሸክላ ሽፋን ላይ በወጉ የወጣው ግን በ1971 ነው።

ሁለተኛውን ቅጂ ለእህቴ አሰማኋት። ኩባንያው በ1988 በ61 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ጎርዲ የዜማና የግጥሙን መብት ለራሱ አስቀርቶ ኖሮ፣ በ1997 የዚያን ግማሽ ብቻ በ132 ሚሊዮን ሸጠው። እዚህ ላይ ቢላዋውን አስቀመጠች።

"ያ ባለ አንድ ጣቱ ሰውዬስ?"

"በ1983 ሞቷል" አልኳት።